አዲስ አገር ገብቶ ቤት መግዛት፦ የት? መቼ? በምን ፈቃድ?

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ወደ ሌላ አገር ተዛውረው ቤት ለመግዛት ካሰቡ አንባቢያን የመጡ ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን እንመልሳለን። ሕግና ታክስ በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ ከመፈረምዎ በፊት የምንጠቅሳቸውን ቁጥሮች በሚገዙበት አገር ጠበቃ ያስረግጡ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሥራ ስላገኘች ከአራት ወር በኋላ ከሁለት ልጆቻችን ጋር ወደ ሌላ አገር እንዛወራለን። የቤት ዋጋ በየወሩ እየናረ ነው ይላሉ። ከመሄዳችን በፊት በቪዲዮ አይተን ብንገዛስ? ኪራይ ገንዘብ መጣል መስሎ ይታየናል።

መልስ፦ የመጀመሪያውን ዓመት ተከራዩ። ቪዲዮ ሳሎኑንና ወጥ ቤቱን ያሳያል። ከላይኛው ፎቅ ሌሊት የሚጎተተውን ወንበር፣ ጠዋት መንገዱን የሚዘጋውን የመኪና ሰልፍ፣ ዝናብ ሲበረታ ከምድር ቤቱ የሚወጣውን የሻጋታ ሽታ ግን አያሳይም። ሌላው ጉዳይ ሥራው ነው። አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ቅጥር የጥቂት ወራት የሙከራ ጊዜ አለው። በዚያ መሀል ሥራው ባይሰምር ወይም መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ከተማ ቢያዛውራት፣ የኪራይ ውል በማስጠንቀቂያ ይለቀቃል። ቤት ግን ገዢ እስኪገኝ ወራት ይፈጃል፤ ወለዱ ደግሞ አይጠብቅም።

ኪራይ ገንዘብ መጣል ነው የሚለውን በቁጥር እንየው። ቤቱ 300,000 ያወጣል እንበል፤ የየትኛው አገር ገንዘብ ቢሆን ለስሌቱ ለውጥ የለውም። ለታክስ፣ ለኖታሪ (ውል አረጋጋጭ)፣ ለምዝገባና ለደላላ 8 በመቶ ቢወጣ 24,000 ነው። አንድ ቀን ስትሸጡት ለደላላና ለሕግ ሥራ 5 በመቶ ቢሄድ ሌላ 15,000። መግቢያና መውጫው ብቻ 39,000 በላ ማለት ነው። 60,000 ከኪሳችሁ ከፍላችሁ የቀረውን 240,000 በ5 በመቶ ብትበደሩ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ወደ 12,000 ይጠጋል። ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና በዓመት የቤቱን ዋጋ 2 በመቶ ቢወስዱ 6,000 ነው። ያ 60,000 ባንክ ተቀምጦ በ3 በመቶ ያስገኝ የነበረውን 1,800 ስትደምሩበት፣ ተመልሶ የማይገኝ ዓመታዊ ወጪያችሁ 19,800 ይሆናል። ያንኑ የሚመስል ቤት በወር 1,800 ቢከራይ ዓመታዊ ኪራዩ 21,600 ነው። መግዛት ያተረፈላችሁ በዓመት 1,800 ብቻ ነው።

የቤት ዋጋ ባለበት ቢቆም 39,000ውን ለማካካስ ከ21 ዓመት በላይ ያስፈልጋል። ዋጋው በዓመት 2 በመቶ ቢጨምር ግን ጥቅሙ ወደ 7,800 ከፍ ስለሚል አምስት ዓመት ይበቃል። ስለዚህ ይህችን ስሌት የምትሄዱበትን አገር ቁጥር አስገብታችሁ ሥሯት። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በጀርመን የንብረት ግዢ ታክሱ ብቻ በባቫሪያ 3.5 በመቶ ሲሆን በኖርድራይን ቬስትፋለን 6.5 በመቶ ነው። በፈረንሳይ ነባር ቤት ሲገዛ የኖታሪና የምዝገባ ወጪው ከ7 እስከ 8 በመቶ ይደርሳል፤ አዲስ ለተሠራ ቤት ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ልትለቁ የምትችሉበት ዕድል ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡ ለኪራይ ያደላል።

ስትከራዩም ልትገዙበት ባሰባችሁት ሰፈር ውስጥ ተከራዩ። ርካሽ ነው ብሎ ከከተማው ሌላ ጫፍ መከራየት ዓመቱን ያባክናል፤ ስለ ሰፈሩ የምትማሩት ነገር አይኖርም። ውሉ ከስድስት ወር በኋላ በማስጠንቀቂያ ለመልቀቅ የሚያስችል አንቀጽ ይኑረው። ቢቻል አንድ ብርድና አንድ ሙቀት እዚያው ይለፍባችሁ። «ዋጋው እየናረ ነው» የሚለው ወሬ የሚያጣድፈው ብዙ ሰው ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ግን ሲሮጡ ይፈታል።

ጥያቄ፦ የሥራ ፈቃዴ የሁለት ዓመት ነው፤ ቋሚ መኖሪያ ገና አላገኘሁም። ቤት መግዛት ይፈቀድልኛል? ከገዛሁስ የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ይረዳኛል?

መልስ፦ የጠየቁት ሁለት ነገር ቢመስልም ሦስት ነው፦ ሕጉ ይፈቅድልዎታል ወይ፣ ባንኩ ያበድርዎታል ወይ፣ አገሩ ያቆይዎታል ወይ። አንዱ ለሌላው ዋስትና አይሆንም።

ከሕጉ እንጀምር። ካናዳ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ ሰው መኖሪያ ቤት እንዳይገዛ ከልክላለች፤ ክልከላው እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ተራዝሟል። ሆኖም የሥራ ፈቃዱ ሊያበቃ ቢያንስ 183 ቀን የቀረው ሰው አንድ ቤት እንዲገዛ ይፈቀድለታል፤ ክልከላውም ከከተሞችና ከአካባቢያቸው ውጭ ያለውን ገጠር አይነካም። እንግዲህ ፈቃድዎን ሳያሳድሱ ቤት ሲፈልጉ ቢከርሙ፣ ቤቱ ሲገኝ መብትዎ ሊያልፍ ይችላል። አውስትራሊያ ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁለት ዓመት፣ ጊዜያዊ ነዋሪዎችን ጨምሮ የውጭ ሰዎች ነባር ቤት እንዳይገዙ አውጃለች። ታይላንድ ለውጭ ሰው መሬት አትሸጥም፤ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሕንፃ ውስጥ ግን እስከ 49 በመቶ የሚሆነው የወለል ስፋት በውጭ ሰዎች ስም ሊያዝ ይችላል። ደላላው «ኮታው አልሞላም» ሲል የሕንፃው አስተዳደር በጽሑፍ ያረጋግጥልዎት። ሜክሲኮ ከባሕር ዳርቻ 50፣ ከድንበር 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለውን መኖሪያ ለውጭ ሰው የምትፈቅደው በባንክ አደራ በኩል ነው፤ ማለትም ንብረቱን ባንክ በስሙ ይይዛል፣ ገዢው ይጠቀምበታል። የአደራው ዘመን 50 ዓመት ሲሆን ይታደሳል።

ሌሎች አገሮች አይከለክሉም፤ ያስከፍላሉ። ሲንጋፖር ከኤፕሪል 2023 ወዲህ በንግድ ስምምነት ነፃ ከወጡ ጥቂት አገሮች ዜጎች በቀር በውጭ ገዢ ላይ 60 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ትጥላለች። በእንግሊዝ ከመግዛቱ በፊት በነበሩት 12 ወራት አገሩ ውስጥ 183 ቀን ያልሞላው ገዢ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ 2 በመቶ ተጨማሪ ይከፍላል። ይህኛውን ልብ ይበሉ፦ ከገዙ በኋላም ቢሆን በተወሰነው ጊዜ ውስጥ 183 ቀኑን ካሟሉ ተመላሽ መጠየቅ ይቻላል፤ የማመልከቻው ጊዜ ግን ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ረስቶት ያልፋል።

ባንክ የሚያየው ሌላ ነው፦ በዚያ አገር ያለዎትን የብድር ታሪክ፣ የፈቃድዎን ቀሪ ዘመን፣ ደመወዝዎ በምን ገንዘብ እንደሚከፈል። በስፔን ነዋሪ የሆነ ሰው የቤቱን ዋጋ 80 በመቶ ያህል ሊበደር ሲችል፣ ነዋሪ ያልሆነው ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 በመቶ ነው የሚያገኘው። ከባንኩ የቅድሚያ ስምምነት ደብዳቤ ሳይዙ ቤት ለማየት አይሂዱ። አሁኑኑ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ቢኖር የብድር ታሪክ መገንባት ነው፤ በስምዎ የተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ በየወሩ ሳይዘገይ የሚከፈል ስልክና መብራት፣ በትንሽ ጣሪያ የተያዘ የክሬዲት ካርድ።

ቤት መግዛት የመኖሪያ ፈቃድ ያሰጣል የሚለው ወሬ እየተሻረ ያለ ነገር ነው። ፖርቱጋል በኦክቶበር 2023 የቤት ግዢን ከኢንቨስተር ቪዛዋ አወጣች። ስፔን በኤፕሪል 2025 ያንኑ ቪዛ ጨርሳ ዘጋችው። «ቤቱን ይግዙ፣ ቪዛው ይከተላል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ የሕጉን ቁጥር ይጠይቁት፤ ከዚያም ቁጥሩን ይዘው ወደ ኢሚግሬሽን ጠበቃ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከተማውን መርጠናል፤ ሰፈሩ ነው ያቃተን። አምስት ሰፈሮች ይዘናል። ደላላውን ስለ ሰፈሩ ሰዎች፣ ስለ ወንጀሉና ስለ ትምህርት ቤቱ ስንጠይቀው ይሸሻል። ምን እያየን እንምረጥ?

መልስ፦ የደላላው ሽሽት የሚደብቀው ነገር ስላለ ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ በአሜሪካ በ1968 የወጣው የፍትሐዊ ቤት ሕግ ደላላ ገዢን በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር እየለየ ወደ አንድ ሰፈር እንዳይመራ ይከለክላል። ስለዚህ ብዙዎቹ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ጨርሶ መመለስ አይፈልጉም። የወንጀሉን ከፖሊስ ካርታ፣ የትምህርት ቤቱን ከትምህርት ቢሮው ራሳችሁ ማግኘት አለባችሁ።

ከካርታ ጀምሩ። ሁሌ የምትሄዱባቸውን ቦታዎች፣ ማለትም ሥራን፣ ትምህርት ቤትንና አዘውትራችሁ የምትሄዱበትን ሐኪም ምልክት አድርጉባቸው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰፈር ከበር እስከ በር ያለውን ጊዜ መዝግቡ። የካርታ መተግበሪያው ላይ «አሁን» ከሚለው ይልቅ «ማክሰኞ ጠዋት 2፡30 ልድረስ» ብላችሁ ፈልጉ፤ እሁድ ከሰዓት የ25 ደቂቃ መንገድ የሚመስለው በሥራ ቀን 60 ሊሆን ይችላል። ደላላ «ከባቡር ጣቢያ አሥር ደቂቃ» ሲል በመኪና ነው ወይስ በእግር ብላችሁ ጠይቁ። የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚያልፍና እሁድ በየስንት ደቂቃው እንደሚመጣ ተመልከቱ።

ነገሩን በሰዓት ስታሰሉት ይጎላል። በአንድ ጉዞ 75 ደቂቃ የሚፈጅ ሰፈር ላይ በዓመት 220 የሥራ ቀን ብትመላለሱ 550 ሰዓት መንገድ ላይ ታሳልፋላችሁ። 30 ደቂቃ ከሆነ 220 ሰዓት ነው። የ330 ሰዓቱ ልዩነት ከ41 የስምንት ሰዓት የሥራ ቀናት ጋር እኩል ነው። ሩቁ ቤት አንድ ክፍል ይጨምር ይሆናል፤ በየዓመቱ የሚከፈለው ዋጋው ግን ይህ ነው። አዲስ አገር ላይ የመጀመሪያ ሥራ ብዙ ጊዜ የመጨረሻ አይሆንም። በመሆኑም ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ከሚቀርብ ሰፈር ይልቅ ወደ ሁለት የሥራ አካባቢዎች የሚያደርስ ትራንስፖርት ያለውን ብትመርጡ ይሻላል እንላለን።

ትምህርት ቤቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአሜሪካ ብዙ ቦታ ልጁ የሚገባበት ትምህርት ቤት በአድራሻው ይወሰናል፤ ወሰኑ መንገድ መሀል ሊያልፍ ስለሚችል ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ቤቶች ለየቅል ይመደባሉ። የቤቱን ሙሉ አድራሻ ይዛችሁ ለትምህርት ቢሮው ደውሉ፤ የሽያጭ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ማስረጃ አይሆንም። በእንግሊዝ ደግሞ በርካታ ትምህርት ቤቶች ቦታ ሲጠባቸው የሚያስቀድሙት በቅርበት ነው። ባለፈው ዓመት የመጨረሻው ተማሪ ከስንት ርቀት እንደገባ ይነግሯችኋል፤ ርቀቱ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ የሦስት ዓመቱን ጠይቁና ጠባቡን ያዙ።

ከዚያ እግራችሁን አንሱ። ሰፈሩን በሥራ ቀን ጠዋት፣ ዓርብ ማታና ዝናብ ሲጥል እዩት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መኪና ማቆሚያ ይገኛል? መንገድ ላይ ደርበው የሚያቆሙ ካሉ እናንተም እንደዚያው ናችሁ። ዝናብ ላይ ውኃው ወዴት እንደሚወርድና የት እንደሚተኛ ይታያል። የቆሻሻ ማውጫ ቀን ላይ ብትደርሱ ሰፈሩ ራሱን እንዴት እንደሚያስተዳድር ታያላችሁ። የአውሮፕላን ድምፅ ግን በአንድ ጉብኝት አይታወቅም፤ የማረፊያው አቅጣጫ በነፋሱ ስለሚቀያየር አንዱ ቀን ጸጥ ብሎ ሌላው ቀን ይረብሻል። የአየር ማረፊያው የበረራ መስመር ካርታ ካለ እሱን ተመልከቱ።

ከቤቱ ጎን ባዶ ቦታ ወይም ያረጀ መጋዘን ካለ የማዘጋጃ ቤቱን የፕላን መዝገብ ሳታዩ አትፈርሙ። ባዶ የሆነ ሁሉ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ አንድ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ የሳሎናችሁን ፀሐይ ሊጋርድ ይችላል። ስለ ፀሐይ ካነሳን፦ ከምድር ወገብ ርቆ በሰሜን ባለ አገር ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ነው በብርዱ ወራት ብርሃን የሚያስገባው። እንደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ባለ ደቡባዊ አገር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ወደ ሰሜን የሚያይ ቤት ይመረጣል። ከአንዱ ንፍቀ ክበብ ወደ ሌላው የሚዛወሩ ሰዎች ይህን ገልብጠው ይይዙታል።

በመጨረሻ ሁለት ሰፈሮች እኩል ሆነው ከቀሩ፣ ጥሩ ሰፈር ውስጥ ያለውን ያረጀ ቤት ምረጡ። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ይታደሳሉ፤ የባቡር ጣቢያን ማስጠጋት ግን አይቻልም። ይህን የምንለው ግን መሠረቱና ጣሪያው ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ወንዝ ዳር በጣም የወደድነው ቤት አለ። ሻጩ በ20 ዓመት ውስጥ ጎርፍ አላየሁም ይላል። ካርታው ላይ ግን «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ክልል ውስጥ ነው። መቶ ዓመት ሩቅ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ስሙ ያሳስታል። የመቶ ዓመት ጎርፍ ማለት በየዓመቱ 1 በመቶ የመድረስ ዕድል ያለው ጎርፍ ማለት ነው። ዘንድሮ ስለደረሰ ከርሞ አይመጣም ማለት አይደለም። ብድራችሁ የ30 ዓመት ከሆነ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረሱ ዕድል 26 በመቶ ነው፤ ከአራት አንድ ማለት ነው። ሻጩ 20 ዓመት አለማየቱ እውነት ቢሆን እንኳ የሚያስገርም አይደለም።

ቤቱ ውስጥ ስትገቡ ከጉልበት በታች ያለውን ተመልከቱ። የግድግዳው የታችኛው አንድ ሜትር ብቻ አዲስ ልስንና ቀለም ካለው፣ ሶኬቶቹ ያለ ግልጽ ምክንያት ከፍ ብለው ከተሰቀሉ፣ ምድር ቤት ጡቡ ላይ ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ካለ፣ የቦይለሩ እግር ወይም የበሩ ማጠፊያ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ከዛገ፣ ውኃ ገብቶ ሊሆን ይችላል። እርጥብ ግድግዳ ፊት አዲስ የቆመ ቁም ሣጥንም አስነሥታችሁ እዩ። ጎረቤት ደግሞ ከሻጭ ይልቅ እውነቱን ይናገራል፤ የሚያጣው ነገር የለምና።

ዋናው ፈተና ኢንሹራንስ ነው። ዋጋ ከማቅረባችሁ በፊት በዚያ አድራሻ የጽሑፍ የኢንሹራንስ ዋጋ ከሁለት ድርጅት አምጡ። በአሜሪካ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ የጎርፉ ለብቻ ይገዛል። በመንግሥት ፕሮግራም የተገዛው ከብድር ጋር ካልተያያዘ በስተቀር ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው፤ ደመናው ሲጠቁር መሮጥ አያዋጣም። በብሪታንያ ለጎርፍ የተጋለጡ ቤቶች ኢንሹራንስ እንዲያገኙ በ2016 የተጀመረው ፍለድ ሪ የተባለ ሥርዓት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ወዲህ የተሠሩ ቤቶችን አያካትትም፤ ሥርዓቱ ራሱ በ2039 እንዲያበቃ የታቀደ ነው። ስለዚህ ወንዝ ዳር ያለው አዲስ ቤት ከአሮጌው የባሰ ችግር ሊኖረው ይችላል። ጎርፍ በሌለበትም ሰደድ እሳት አለ፤ በ2023 በካሊፎርኒያ ትልልቅ የኢንሹራንስ ድርጅቶች አዲስ የቤት ውል መቀበል ያቆሙት በዚሁ ሥጋት ጭምር ነው። ኢንሹራንስ የማያገኝ ቤት ባንክ አያበድርበትም። ዛሬ በጥሬ ገንዘብ ብትገዙት እንኳ ነገ ከእናንተ የሚገዛው ሰው ተበዳሪ ሊሆን ይችላል።

ኢንሹራንሱ ከተገኘና ዓመታዊ ክፍያው ከአቅማችሁ ጋር ከሄደ ውሳኔው የእናንተ ነው። እኛ ብንሆን ወንዙን ከሁለት መንገድ ወዲህ፣ ከፍ ካለ ቦታ ሆነን ብናየው እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ አቅሜ የሚፈቅደው አፓርታማ ነው። ማስታወቂያው ላይ ወርሃዊ መዋጮው ትንሽ መሆኑ ሳበኝ። ልግዛ?

መልስ፦ ያረጀ ሕንፃ ላይ ትንሽ መዋጮ መልካም ዜና ላይሆን ይችላል፤ ለጣሪያና ለሊፍት ሊጠራቀም የሚገባው ገንዘብ አልተጠራቀመም ማለት ሊሆን ይችላል። ፍሎሪዳ ውስጥ በጁን 2021 ሰርፍሳይድ ላይ የነበረው የመኖሪያ ሕንፃ ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የወጣው ሕግ ባለ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑ የጋራ ሕንፃዎች በባለሙያ ተመርምረው ለመዋቅራቸው ጥገና መጠባበቂያ እንዲያስቀምጡ አስገደደ። ለዓመታት አነስተኛ መዋጮ ሲከፍሉ የኖሩ ባለቤቶች በአንድ ጊዜ ከባድ ሒሳብ የመጣባቸው ያኔ ነው። አንዳንዱም ቤቱን ለመሸጥ ተገደደ።

ከመፈረምዎ በፊት እነዚህን ያስመጡ፦ የነዋሪዎች ማኅበሩን የሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤ፣ የመጠባበቂያ ፈንዱን ሒሳብ፣ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት የታቀዱ ሥራዎችን ዝርዝር፣ መዋጮ ያልከፈሉ ባለቤቶችን ብዛት፣ ሕንፃው የተያዘበትን ክስ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ጣሪያ»፣ «ሊፍት»፣ «ፍሳሽ» እየተባለ ለሚቀጥለው ስብሰባ የተላለፈ ነገር ካለ፣ ሒሳቡ እርስዎ ከገቡ በኋላ ይመጣል። ሻጩ ቃለ ጉባኤውን ለመስጠት ካመነታ ሌላ ቤት ይፈልጉ።

በእንግሊዝ አፓርታማ በአብዛኛው የሚሸጠው በሊዝ ነው። የቀረው ዘመን ከ80 ዓመት ሲያንስ ማራዘሚያው ይወደዳል፤ የሚያበድር ባንክም እየጠፋ ይሄዳል። ይህን ለመለወጥ በ2024 ሕግ ቢጸድቅም ተግባራዊ የሚሆነው በየደረጃው ስለሆነ፣ የትኛው ክፍል ሥራ ላይ እንደዋለ ጠበቃዎን ይጠይቁ። በ2017 ለንደን ውስጥ ከደረሰው የግሬንፌል የመኖሪያ ሕንፃ ቃጠሎ ወዲህ ደግሞ ባንኮች ረጃጅም ሕንፃዎች የተለበሱበት ነገር እሳት የማይቀጣጠል መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ ይጠይቃሉ። ሰነዱ ከሌለ ሽያጩ ለወራት ሊንጠለጠል ይችላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቋንቋችንን የሚናገሩ ሰዎች ያሉበት ሰፈር ካልሆነ ትላለች። እኔ ለሥራ የሚቀርበውን እመርጣለሁ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው? እሷ ከሆነች ድምፅዋ ይበልጥ ይመዝን። ልጅ የሚይዝ፣ ሲታመሙ የሚጠይቅ፣ ወረቀት የሚተረጉም ጎረቤት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከ20 ደቂቃ መንገድ ይበልጣል። ግን በኪራይ ይጀምሩት። ያ ጥቅም ከጊዜ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል፤ የመንገዱ ርዝመት ግን አይቀንስም።

ጥያቄ፦ ቤቱን አግኝተናል፤ ገንዘባችን ግን ያለው በሌላ አገር ገንዘብ ነው። ስናዛውር ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ በመጀመሪያ የገንዘቡን ምንጭ የሚያሳይ ወረቀት። ጠበቃውም ባንኩም ይጠይቃሉ፤ የስድስት ወር የባንክ መግለጫ፣ ንብረት ሸጣችሁ ከሆነ የሽያጭ ውሉ፣ ዘመድ ሰጥቷችሁ ከሆነ ተመላሽ የማይጠየቅ ስጦታ መሆኑን የሚገልጽ የፈረመበት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ሕጋዊ ትርጉሙን ቀድማችሁ አሠሩ፤ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ በወረቀት ምክንያት ቀነ ገደብ ማለፍ ቀብዱን ሊያስበላ ይችላል። በእንግሊዝ ውል ሲለዋወጡ የሚከፈለው ቀብድ በተለምዶ 10 በመቶ ነው። ከዚያ ወዲያ ገዢው ቢያፈገፍግ ያጣዋል። በፈረንሳይ ግን ገዢው የተፈረመው ውል ከደረሰው በኋላ ያለ ምክንያት ሐሳቡን የሚለውጥበት አሥር ቀን አለው።

በቀብዱና በመጨረሻው ክፍያ መካከል ሳምንታት ያልፋሉ። ምንዛሪው በዚያ መሀል 5 በመቶ ቢወርድ ቀሪ ክፍያችሁ በዚያው ልክ ይጨምራል። ባንኮችና ፈቃድ ያላቸው የምንዛሪ ድርጅቶች የዛሬውን ዋጋ ለወደፊት ቀን የሚይዙበት ውል አላቸው፤ መጠነኛ ማስያዣ ይጠይቃል። ምንዛሪው ቢሻላችሁም ከውሉ መውጣት እንደማይቻል አውቃችሁ ግቡ።

ሌላው ሥጋት ሌባ ነው። ሰርጎ ገቦች የጠበቃውን ወይም የደላላውን ኢሜይል ሰብረው ሲከታተሉ ይቆዩና፣ ክፍያው በሚደርስበት ቀን «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል መልእክት ይልካሉ። አድራሻውና ፊርማው ትክክለኛውን ይመስላል። የሒሳብ ቁጥሩን መጀመሪያ ስትገናኙ፣ በአካል ወይም ራሳችሁ ባገኛችሁት ስልክ ተቀበሉ። መልእክቱ ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ። መጀመሪያ ትንሽ ገንዘብ ላኩና ጠበቃው በስልክ «ደርሷል» ካላችሁ በኋላ ቀሪውን አስተላልፉ። የተሳሳተ ቦታ መላኩን ካወቃችሁ በዚያችው ሰዓት ወደ ላኪው ባንክ ደውሉ፤ ገንዘቡ ወደ ሌላ አገር ከመሻገሩ በፊት የሚታገድበት ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው።